እሁድ በእግር

«መኪናው ይቅር» አለኝ፣ እሁድ በማለዳ፣
ሚስተር ጓን፣ የሐዲዱ መሐንዲስ፣ የሦስት ዓመት እንግዳ፤
«በመስኮት ብቻ ነው ድሬን የማውቃት፤
ዛሬ ግን በእግሬ፣ ቀስ ብዬ ልያት።»

እኔ ነጅዋ ነኝ፣ ካፍ ወዳፍ አቀባይ፣
የሰው ቃል ስሸከም የራሴን የማላይ።

ከሳቢያን ተነሣን፤ ፀሐይዋ ገና ልጅ፣
ውሃ ተረጭቶበት የየሱቁ ደጅ።
ሰፊ ኮፍያ ደፍቶ፣ ጃንጥላ ይዞ ጥቁር፣
የፈላ ውሃ በፔርሙዝ — በዚህ ሐሩር ምድር!
«ቀዝቃዛ አይሻልም?» ብለው ራሱን ነቀነቀ፣
«ሆድ ይበርደዋል» አለና ከት ብሎ ሳቀ።

ለገሀር በር ላይ፣ ሣር በዋጠው ሐዲድ፣
በጫማው ስፋቱን ለካ፣ መለስ ብሎ፣ ሄድ፤
«ጠባብ ነው» አለኝ፣ ግን ቀስ ብሎ፣ በክብር፣
የሞተ አጎቱን ኮት ለብሶ እንደሚሞክር።

ከዚራ ገባን። የኒሞቹ ረድፍ
ጥላውን አንጥፏል ለሚቆም ለሚያልፍ።
ግንዱን ዳሰስ አርጎ፣ ቀና ብሎ አየና፣
«እኛ ጋ» አለኝ፣ «ዛፍም ይመጣል በመኪና።»

አውቃለሁ። አይቻለሁ።
ቸንግዱ ተማሪ ሳለሁ
አዲሱን ክፍለ ከተማ ዙሬዋለሁ በእግሬ፣
አንድ ሙሉ ቀን፣ ዳቦዬን በላስቲክ ቋጥሬ፤
መንገዱ እንደ ሜዳ፣ መስታወቱ እንደ ሰማይ፣
ሠላሳ ፎቅ፣ አርባ ፎቅ፣ ደጅ የተቀመጠ ሰው ሳላይ፤
ዛፎቹ በምርኩዝ፣ እንደ ታመመ ሰው፣
ሣሩን ሳይቀር ዘበኛ የሚጠብቀው።
አንዲት ሕፃን ብቻ እጄን ነካ አድርጋ
ጣቷን አየችው፣ የለቀቀ ቀለም ፈልጋ።
አልተቀየምኳትም። ጫማዬ ግን ያን ለታ
ቢበጠስ፣ የሚሰፋልኝ አጣሁ እስከ ማታ።

«ቻይና! ቻይና!» አሉ ሕፃናት ከኋላ፣
«ስሙ ጓን ነው» ብላቸው፣ ጨዋታው ሌላ፦
ጓን! ጓን! ጓን! — ቆርቆሮ እንደሚመታ፤
እሱም ዞሮ እጅ ነሣ፣ ጎንበስ ብሎ ለሰላምታ።

ድልድዩን ተሻግረን ገበያው ውስጥ ገባን፤
ቻርጀር፣ ሽቶ፣ ብርድ ልብስ፣ ባጃጅ እየገፋን።
«ይህ ሰፈር ማን ይባላል?» ሲለኝ ምላሴ ተያዘ፣
ምን ዓይነቱ ቀልደኛ ነው ይህን ስም ያዘዘ?
«ታይዋን» አልኩት። ቆመ። ጃንጥላውም ቆመ።
ዝም አልኩ፣ ዝም አለ፣ ሰዓቱ ረዘመ።
«አቦ፣ ምን ነካው?» አለ ሮብሌ ከሱቁ፣
«ዕቃው ያገሩ ልጅ ነው፣ በይው፣ ይተዋወቁ!»

ጓን ሳቁ ሳያልቅ አንድ ፔርሙዝ አነሣና
ቂጡን ገልብጦ አነበበ፣ ዝም አለ እንደገና።
«የሰፈሬ ስም ነው» አለኝ፣ ዝቅ ብሎ፣ በቋንቋው፣
«አባቴ ሩዝ ያበቅል ከነበረበት ነው ፋብሪካው።
መንደሩ የለም አሁን፤ መንገዱም፣ ኩሬውም፤
ስሙን ግን ድሬዳዋ አገኘዋለሁ አላልኩም።»

ይህን ለሮብሌ አልነገርኩም።
አንዳንድ ቃል አለ፣ ሲያሻግሩት ውሃ የሚወስደው።
ሮብሌ ግን ፊቱን አይቶ ከዋጋው ቀነሰ፣
ጓንም ሁለተኛ ፔርሙዝ ይዞ ተመለሰ።

ስንመለስ ደቻቱን በአሸዋው፣ ከሰዓት፣
«ወንዙ የታለ?» አለኝ። «ይመጣል» አልኩት፣ «በሌሊት፣
ከጋራው፣ ሳይናገር።» ከዚያ አልቀጠልኩም፤
ያክስቴን ቤት የወሰደ ዕለት እንዴት እንደጮኸ አልነገርኩም።

እዚያው ላይ የጓን ጫማ አፉን ከፍቶ ቀረ፤
ጋሽ ወርዶፋ ከድልድዩ ጥላ አይቶት ኖረ፣
ወስፌውን አነሣ፣ ካርቶን ዘረጋለት፣
ካልሲውን አንዲት ፍየል መጥታ አሸተተችበት።
«ስንት ነው?» «ተወው በይው፣ እንግዳ ነው።» «አይሆንም!»
«አልቀበልም!» «ይቀበል!» — መሃል እኔ፣ ትንፋሽም የለኝም።
በመጨረሻ ጓን ክዳኑን ሞልቶ ሰጠ፤
ጋሽ ወርዶፋ አንዴ ጎንጨት ብሎ ዓይኑን አፈጠጠ፦
«ልጄ፣ ሻይ ቅጠሉን ረሳው እንዴ ይኼ ሰው?»

ይቺን ግን ቃል ሳልጥል አሻገርኳት፣ ወዲያው።