ሃያ ደቂቃ

ለዚህ ሆድ ሦስት በር አለ፣ ሦስቱም ባሕር ማዶ፤
ሮሳሜል ያሰላዋል፣ ከምድጃው ጥግ ማልዶ።
የሙላትና የጉድለት ሰዓት የታተመበት ወረቀት
አለው፤ በቀይ እርሳስ አጥሮበት፣ አስምሮበት፤
«ማክሰኞ ከመጣብሽ ሌሊት ነው፣ ጀልባው ይንሳፈፋል፤
ዓርብ ከሆነ ግን ውሃው ይሸሻል፣ ጭቃ ላይ ይቀራል»
ይለኛል፣ ምጥ ለእናቷ እንዳስተማረችው፤
ሆዴ ውስጥ ያለው ሰው ማክሰኞን ከዓርብ መቼ ለየው!

አማቴ ዶኛ ኡቤርሊንዳ አራተኛ በር አላት፦
አፒያዎ፣ ይሄው ወጥ ቤት፣ ይሄው ጣውላ፣ ይሄው እሳት።
«ሰባት ወለድኩ» ትላለች፣ «እዚህች ላይ ተንበርክኬ።»
አምስቱን አውቃቸዋለሁ፤
ሁለቱን ግን አልጠየቅሁም።
ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ ነጭ የተቀቡ ሁለት አጫጭር እንጨቶች አሉ፤
ሣር ሲውጣቸው እሷ ናት የምታርም፣ ሌላ ሰው አያርምም።

አቻዎ አንድ ሰዓት ነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም፤
ነርሷ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ከእሷ የሚበልጥ ደግ የለም።
ሻይ አፍልታ አጠጣችኝ፣ እግሬን ጫን አድርጋ እብጠቱን አየችው።
«ደም ቢፈሰኝስ?» አልኳት።
መስኮቱን አየችው።
መስኮቱ ውስጥ ያለው ባሕር ነው።

ፖርቶ ሞንት ሁለት ባሕር፣ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ትውከት።
አሳንሰር አለው፤ የማይተኛ መብራት።
ወረፋዬ ሰማንያ አራት።
ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ዓይኑን ሳያነሣ፣
«አይዞሽ እናቴ» አለኝ፣ «እዚህ ምን ይጠፋል!»
እውነቱን ነው፣ ምንም አይጠፋም። እኔ ግን ጠፋሁ፤
መውጫ ፍለጋ ሁለት ጊዜ የልብስ ማጠቢያውን በር አንኳኳሁ።

ካስትሮ መካከል ናት። ሕንጻው ያረጀ፣ ጣሪያው የሚያንጠባጥብ፣
ኮሪደሩ ላይ ባልዲ፣ ባልዲው ዙሪያ እርጥብ።
አዋላጇን ኖልፋን ጉንፋን ይዟታል፤
ከድንች ከረጢት ቀድጄ የጻፍኩትን ዘረጋሁላት፦
ደም በማቀዝቀዣ አለ? ባሌስ ይገባል ወይ?
ቆሜ ላምጥ ብል ትተዉኛላችሁ? ወይስ ተኚ ነው?
እሁድ ሌሊትስ፣ ማደንዘዣ የሚወጋው ሰው የት ነው?
አነጠሰች። አሰበች።
«እሁድ ቤቱ ነው። እደውልለታለሁ። ሃያ ደቂቃ።»
«ዝናብ ከሆነስ?»
«አላውቅም።»

ሰባት ወር ሙሉ «አይዞሽ» ጎርሼ ጎርሼ፣ ጠግቤ ነበር፤
«አላውቅም» የሚለኝ ሰው ነበር የራበኝ።
እዚያው ፈረምኩ።

ድንቹን አፈር ውስጥ ትቼ፣ ቀኔ ሳይደርስ ተሻገርኩ፤
ሽቅብ መንገድ ላይ፣ ከአንዲት መበለት ቤት ክፍል ተከራየሁ።
«ስንት ሌሊት ነው?» አለችኝ። ሆዴን አሳየኋት፤
«እሱን ጠይቂው» አልኳት።
ቅዳሜ ቅዳሜ ሮሳሜል ይመጣል፣ ናፍጣና ዛጎል እየሸተተ፣
ያንኑ ወረቀት ይዞ፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሙላት ያሰላል።

እሁድ ሆነ፣ እንደፈራሁት። ዘነበም፣ እንደፈራሁት።
ቆሜ አማጥኩ፤ ማንም አልከለከለኝ፤ የመስኮቱን ደፍ ነከስኩት።
ከዚያ የልጄ ልብ፣ በዚያች ትንሽ ማሽን ውስጥ፣
እንደ ደከመው ቀዛፊ
ዘግየት፣
ዘግየት አለ።
ኖልፋ ስልኩን አነሣች፤
እኔ ዓይኔን ወደ ግድግዳው ሰዓት።
አሥር። አማቴ ያረመችው ሣር ታየኝ።
አሥራ ስድስት። የሮሳሜል እጅ።
ሃያ። በሩ አልተከፈተም።
ሃያ አንድ።
ካፖርቱ ያንጠባጥባል፣ ባንድ እግሩ ካልሲ የለም፤
«ጀርባሽን አጉብጪ» አለኝ፤ ስሙን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ሴት ናት።
ኡቤርሊንዳ በስልክ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ዝም አለች፤
ሁለት እንጨት ያህል ቆየች።
በማግሥቱ ኖልፋ መጣች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።
«ሁለት ደቂቃ ዋሸሽኝ» አልኳት።
«ዘንቦ ነበር» አለች።