ለማዳም ያልተላከ መልስ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሳልሚያ፣ ስምንተኛ ፎቅ፤
ከመስኮቱ ውጪ የባሕሩ ወበቅ።
ቡችላሽ ሦስት ጊዜ ምንጣፍ ላይ አስመልሶ
ተኝቷል እግሬ ሥር አንገቱን ቀልሶ።

በድምፅሽ ሰማሁሽ፦ «ምግብ እንዳትሰጪው፣
ውኃ በማንኪያ ጫፍ ቀስ እያልሽ አጠጪው፣
ነገ ሩዝ ቀቅይለት፣ ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት፤
ድዱ ከነጣ ግን ሐኪም ጥሪ በሌሊት።»

አምና እኔን ሲያስመልሰኝ ፓናዶል ወረወርሽልኝ፤
«ምን በላሽ?» አላልሽኝ።

ውሻ ወደ ትፋቱ ይመለሳል ቢሉም፣
የተመለስኩት እኔ፤ እሱስ ዞር አላለም።
በጣቴ ስበትን ብልጭ አለ ከሥሩ
ማክሰኞ የጠፋኝ ሲም ካርድ ከነቁጥሩ።

አንቺን ጠርጥሬሽ ነበር።

አጠብኩት። አደረቅሁት።
ባቲ ልደውል ነው። መጀመሪያ ግን ለዚህ ሌባ
ውኃ፣ በማንኪያ ጫፍ።