ሰባት ደቂቃ

ዓርብ ነበር፣ ዛግሬብ ላይ ቀኑ ሊያልቅ ሲል፣
አንድ ድምፅ መጣ፣ ነፋስ ግማሹን የሚቀማው፣ ግማሹን የሚያቀብል፦
«ዶብሪላ እባላለሁ፣ ከሺቤኒክ፣ ከሰርዲን ፋብሪካ፣
የድርጅቱ ሒሳብ አልከፈት አለኝ፤ ኮዱን ይተፋዋል ጣቴ ገና ሲነካ።
አሥራ አራት ሠራተኛ ደመወዝ ይጠብቃል፣
ባንኩም ሊዘጋ ነው፤ ምን ይሻላል?»

እኔም ከወረቀቱ ላይ፣ እንዳነብ እንደተማርኩት፣
«ይለፍ ቃሉ?» «ትክክል።» «ስልኩስ የድሮው ነው?» «አልቀየርኩት።»
«ስድስቱን ቁጥር ይጻፉ፣ ሳይጠፋ፣ ቶሎ።»
ጻፈች። ደጁ ገፋት፣ «አላውቅሽም» ብሎ።
ደገመች፤ በሦስተኛው ጭራሽ ቆለፈ፤
ከዚህ ሆኜ ፈታሁላት፤ ሩብ ሰዓት አለፈ።

«አለቃዎስ የት ናቸው?» «ክርሼቫን? ባሕር ላይ፤ ኔትዎርክ የለ፤
እሱ እንደሁ ለዓሣ እንጂ ለቁጥር መች ታደለ!»

ያኔ ነው፣ ከወረቀቱ ወጥቼ፣ ሳላስብ የጠየቅኳት፦
«ስልክዎ ላይ ስንት ሰዓት ይላል?»
«አሥራ አንድ ከዐሥር።»
ግድግዳዬን አየሁ፤ እኔ ዘንድ አሥራ አንድ ከሦስት ነበር።

አንድ አገር፣ አንድ ፀሐይ፣ መሐላችን ሰባት ደቂቃ።
ቁጥሩ ከሰዓት ይወለዳል፤ ሰዓቱ ከቀደመ ግን፣
ባለቤቱ ሳይነቃ
ደጅ እንደሚያንኳኳ እንግዳ ነው፤
እውነተኛ ነው፣ ግን ማን ይከፍትለት?
«ማን ነካካው?» አልኳት። ዝም አለች ጥቂት።

«እኔው ነኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት
ሰዓቴን አስቀድሜ ነው የኖርኩት።
ወደ ዝላሪን የሚሄደው የመጨረሻው ጀልባ አይጠብቅም ሰው፤
አንድ ምሽት አመለጠኝ። ያን ምሽት... ተወው።»

«አውቶማቲክ የሚለውን ያብሩት» አልኳት፤ አበራች።
ሰባት ደቂቃ ከእጇ ፈሰሰች።
ቁጥሩን ጻፈች፤ ደጁ፣ እንዳልተኮሳተረ ሁሉ፣ ተከፈተ፤
የአሥራ አራት ሰው ደመወዝ ወደየቤቱ ከተተ።

«ሌላ የምረዳዎት ይኖራል?» አልኩ፣ ደንቡ ነውና።
«ስምህ ማን ነው?» «ኔቨን።» «ስማኝ ኔቨን፣ አሁን
መልሼ ባስቀድመው፣ ወር ሲሞላ እንዲሁ እምቢ ይላል?»
«ይላል።»
«እንግዲያው በወሩ መጨረሻ እንገናኛለን።»

ከጀርባዋ የጀልባ ጡሩንባ ተሰማ፤ ስልኩ ተዘጋ።
መዝገቡ ምክንያት ይጠይቀኛል፤ ሣጥኑ ካልሞላ የኔም ቀን አይዘጋ።
«የተጠቃሚ ስሕተት» ይላል የመጀመሪያው ምርጫ፤
አለፍኩት፤ ወረድኩ እስከ ሰንጠረዡ መቋጫ፣
«ሌላ» ከሚለው ጎን
አንድ ቃል ጻፍኩ፦
ጀልባ።