የተሸፈነ ሳቅ

ሽምብጥ ካለው ክሊኒክ፣ መስኮቱ ለጣና፣
ሐኪሟ ራጁን መብራት ላይ ሰቀለችና፣
«ይኸው» አለች፣ «ክራንቻዋ አጥንት ውስጥ ተጋድሟል፤
ሥሩ ገና ለጋ፣ መውጫውን ዘንግቷል።
አንተም ክፈት» አለች። ከፈትኩ። እዚያው አለች፣
የወተት ጥርሴ፣ አርባ ዓመት ያልወለቀች።

አባቴ አዳሙ፣ ታንኳ ሲያስር ውሎ፣
ጨዋታ ሲጥመው፣ በጋቢው ጫፍ ከልሎ
ነበር የሚስቀው። እኔም በመዳፌ።
ጨዋነት ነው ብዬ ስንት ዘመን ማለፌ!
ለካስ በዘረ መል፣ ውስጥ ውስጡን እያለፈ፣
ዓባይ በጣና ሆድ እንደሚያልፍ፣
አንድ ቃል ነበረ፣ በሦስት መንጋጋ የተጻፈ።

ማስተዋል ግን ወጥታ፣ ከሐይቁ ዳር ስትደርስ፣
ፔሊካን ካጥማጁ ቅርጫት ዓሣ ሰርቆ ሲጎርስ፣
ሳቀች፣ አፏን ከፍታ፣ ክፍተቷ እየታየ።
እጄ ወዳፌ ሄደ፤
እንደ ጥርሷ፣ መሐል መንገድ ቆየ።