በልክ

ረሆቮት፣ ኪርያት ሞሼ፣ ከደረጃው ሥር ናት ሱቄ፤
ሠላሳ ዓመት ሰው ለካሁ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ አጥልቄ።
እኩል የሆነ ትከሻ የለም፤ መንታ ቢመጡም አይገጥሙ፤
አንዱ ከሌላው ዝቅ ይላል፣ እንደ ሸክሙ፣ እንደ ሕመሙ።
ስለዚህ ሮተም፣ ያቺ ልጅ፣ የጤና ጣቢያው የምግብ ባለሙያ፣
«ሰው ሁሉ የየራሱ ልክ አለው» ስትል ገና በመግቢያ፣
ሳቅሁ በሆዴ፤
ይኼማ የኔ እንጀራ ነው፣ የኖርሁበት ዘዴ።

የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር ክንዴ ላይ ለጠፈችብኝ፤
አሥራ አራት ቀን አብራኝ ተኛች፣ አሥራ አራት ቀን ሰለለችኝ።
ለዘርፌም አንድ። ስኳሩ ሁለታችንንም በአንድ ክረምት ነው የያዘን፤
አንድ ዶክተር፣ አንድ ክኒን፣ አንድ ምክር ነበር የታዘዘን፦
«ጣፋጭ ተዉ፣ ዳቦ ቀንሱ፣ በእግር ሂዱ»፣ በቃ፤
ተሰፍቶ እንደተሰቀለ ኮት፣ ለሁሉም ትከሻ የሚበቃ፣
ለማንም ልክ ያልሆነ ዕቃ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ
አንድ ሳህን ምስር በላን፣ አንድ ዳቦ ለሁለት ቆርሰን፤
ከሰዓት በኋላ ስልኩን ከፈትን፣ በየመነጽራችን አጎንብሰን።
የሷ መስመር ለጥ ያለ ነው፣ እንደ ተተኮሰ እጅጌ፤
የኔ ሽቅብ፣ አሁንም ሽቅብ፤ ስልኩን ዘጋሁት ሸሽጌ።
ቴምሩ እኔን ምንም አላለኝ፤ ለሷ ግን አይሆንም ተባለ፤
ሐብሐብ በሷ ደም ውስጥ ውኃ ነው፤ በኔ እንደ ፍየል ዘለለ።
ኦሪቱ «አንድ ሥጋ ይሆናሉ» ይላል፤ ቄሱም በሠርጋችን ብለዋል፤
ስልኩ ግን ሁለት ነው ብሏል።

ዘርፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ ሁለት ወረቀት ሰቀለች፤
ግራው የኔ፣ ቀኙ የሷ፤ ሁለት ድስት ጣደች፣
ሁለት ሳህን አቀረበች።
ጎረሰች። ጎረስሁ። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ሄደ፤
የአርባ አንድ ዓመት ማዕድ፣ እንደ አሮጌ አንሶላ፣ መሐሉ ላይ ተቀደደ።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይል ነበር አባቴ፤
ወደ ሱዳን ስንሻገር፣ በረሃው ላይ፣ ያቺን ቁራሽ ቂጣ ከነእናቴ
ስድስት ሆነን ተካፈልን፤
የማን ደም ምን ይስማማዋል የሚል ሰው አልነበረም፤ ተረፍን።
አራታችን ተረፍን።

ይህን ለሮተም ብነግራት ብዕሯን አስቀመጠች፤
ቆየችና፣
«መስመሩ ምን እንደምትበላ እንጂ ከማን ጋር አይልም» አለች።

ሐሙስ ማታ። የዘርፌ እጅ እንደ ልማዱ ተነሣ፤
ዳቦ ይዞ ወደ አፌ መጣ፣ የተጻፈውን ረሳ፤
አየር ላይ ቆመ።
ወደ ማቀዝቀዣው ዞር ብላ፣ ዓይኗን አጥብባ አነበበች፤
ዳቦውን መልሳ፣ ከኔ ድስት ጎመን በሽምብራ ዘገነች፤
«ክፈት፣ ይኼ ያንተ ነው» አለች።
ከፈትሁ።
ጨው አንሶታል።
ግን ጉርሻ ድሮም በአፍ ልክ ነው፤ ለሕፃን ትንሽ፣ ለእንግዳ ትልቅ፤
ልካችንን እጅ ያውቀው ነበር፣ ስልክ ሳይመጣ፣ ሳንጠይቅ።

ዛሬ ያቺ ቁልፍ ክንዴን ለቃ መቁረጫዬ ላይ ወደቀች፤
ቁልፎቼ ካሉበት ጣሳ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለች።
የራሴን ሱሪ ወገቡን ሁለት ጣት አጠበብሁ፤
የዘርፌን ቀሚስ ግን፣ እሷ ሳታይ፣ አንድ ጣት ለቀቅሁ።
ጓዳ ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ቴምር እንደምትበላ
ሜትሬ ነገረኝ፤
ዝም አልሁ።