ያልተጻፈ ስም

ሻርጃ፣ ሰናዒያ አሥር፣ ከአሮጌ ዕቃ መጋዘን፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ እንደ አሞሌ ሲመዝን፣
እኔ ዘበኛው እንድሪስ፣ ከፊቴ ላፕቶፕ ዘርግቼ፣
ሊፈጭ ከተከመረው መሀል በአሥር ድርሃም ገዝቼ፤
ባትሪው ከሞተ የቆየ፣ ማጠፊያው በሽቦ የታሰረ፣
ከፊደል ገበታው መሀል አንድ ጥርስ ወልቆ የቀረ፤
በዕድሜ ከታናሽ ወንድሜ ሁለት ዓመት የሚበልጥ፣
ሲነሣ እንደ ሽማግሌ ጉልበቱን ይዞ የሚያምጥ።

ኢርፋን፣ የፔሻዋሩ ልጅ፣ "ዊንዶውስ ቀንበር ነው ለሱ፣
ይኸኛው ይቀለዋል" አለኝ፣ ፍላሽ አውጥቶ ከኪሱ።
ሊኑክስ ገባ። ሽማግሌው ወገቡን ይዞ ቀና አለ፣
ድምፁም፣ ስክሪኑም፣ ማውሱም በየቦታው ዋለ፤
አየሩን ብቻ አያውቅም፤
ዋይፋይ የሚባል ነገር መኖሩን ጭራሽ አልሰማም።

ዓርብ ሮላ ወርጄ፣ በአሥራ አምስት ድርሃም ተከራክሬ፣
ጥፍር የምታህል አዳፕተር አመጣሁ በመሐረብ አስሬ፤
ካርቶኗ ላይ "በሁሉም ኮምፒውተር ትሠራለች" የሚል ጽሑፍ።
ሰካኋት፤ እንደ ጠጠር ዝም። ነቅዬ ሰካኋት በሌላው አፍ፤
ዝም።

ነጂባን ጻፍኩላት ያኔ። የኮምቦልቻ ቴክኒክ ልጅ፣
ኔትዎርክ ተምራ ስታበቃ፣ አጅማን ገብታ
የምትወለውል የሰው ወለል፣ የሰው ደጅ።
የመዳሟም እህት ነጂባ ናት፤ አይሆንም ባንድ ቤት ሁለት፤
ስለዚህ የኛዋን "ሊሊ" ብለው ሰየሟት።

ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ከማድ ቤት፣ በድምፅ መልእክት፣ በሹክሹክታ፣
ሸህ ደረሳን እንደሚያስቀራ፣ አንዷን ፊደል ካንዷ ለይታ፤
"ኤል በል። ኤስ። ዩ። ኤስ። ቢ። ክፍተት እንዳትጨምር ደግሞ።
ካርቶን ይዋሻል እንድሪስ፤ ቁጥሯን አንብብልኝ አስቀድሞ።"
አነበብኩ። ዝም አለች። ከኋላዋ የፍሪጅ ድምፅ ይሰማል።
"አወቅኋት። ሾፌር ትፈልጋለች፤ ሾፌሯ ግን ኢንተርኔት ላይ ይገኛል።"

"ኢንተርኔት ለመግባት ሾፌር፣ ሾፌር ለማውረድ ኢንተርኔት?
ይኼማ የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦ መዝጋት!"
ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። "ለምጄዋለሁ፤ የኔም ፓስፖርት
ካዝና ውስጥ ነው። በል ስልክህን በገመድ አገናኘው፤
በሱ ጀርባ ታዝሎ ይሻገር፤ አንዴ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።"

ሦስት ሌሊት። ነጭ ጽሑፍ የሚያዘንብ ጥቁር መስኮት፣
ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ሲያጓራ፣ የወር ዳታዬን ሲበላ አንድ ስህተት፣
ኢርፋን በበሩ ብቅ እያለ "ያ አላህ፣ ጣለው!" ሲለኝ፣
የወለቀችው ፊደል ኤም ኖራ፣ "ሜክ" ላይ በደረስኩ ቁጥር
በስንጥር እየወጋኋት ሲነጋብኝ።

በአራተኛው፣ ከሱብሒ አዛን ጥቂት ቀደም ብሎ፣
ከጥፍሯ ላይ ሰማያዊ ነጥብ፤ ብልጭ። ጥፍት።
ብልጭ። ከዚያ ቆመ ተደላድሎ።
የሰፈሩ ስም ወረደ፤ አል-ኑር ጎማ ጥገና፣
"አትንኩት"፣ "የኻሊድ ቤት"፤ የኛም መጋዘን ተከተለና።

"በራ!" አልኳት። "አጥፍተህ አብራው።" አጠፋሁ። አበራሁ።
ሁሉን ረስቷል። እንደ ጅል ፊቱን ፈዝዤ አየሁ።
"አውቄ ነው" አለች። "ሲነቃ ማንን እንደሚጠራ አልነገርከውም፤
የሾፌሯን ስም ፋይል ላይ ጻፍለት፤ ያልተጻፈ ስም አይጠራም።"

ጻፍኩ። እዚያው ሳለሁ ደግሞ፣ ማንም ሳያየኝ ቀስ ብዬ፣
የኮምፒውተሩን ስም አገኘሁ፤ "ሎካልሆስት" የሚለውን ጥዬ
በፈረንጅ ፊደል፣ በስድስት ቁልፍ፣ ሌላ ስም ተካሁ።
ለሷ ግን አልነገርኳት። መስኮት የምትወለውልበት ሰዓት ደርሷል፤ ተኛሁ።

ረፋድ ላይ ሻጂ፣ የቢሮው ጸሐፊ፣ ራውተሩን ሲፈትሽ ቆይቶ፣
በዝርዝሩ መሀል እንግዳ ስም አግኝቶ፣
"ነጂባ ማናት? ማን አስገባት?"
አለኝ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ።
"የኛ ሰው ናት" አልኩት። "እባክህ፣ እንዳታስወጣት።"