ሠላሳ ግራም

ቂርያት ጋት ዳር ላይ፣ ከባቡሩ ማዶ፣
አንድ መጋዘን አለ፣ ጣሪያው እሳት፣ ወለሉ በረዶ።
እዚያ ነው የምውለው፣ ስክሪን ፊት ተጥጄ፣
ያለውን ከሌለው በቁጥር አዛምጄ።

የሌለው ማለቴ «ጥቅል» የሚሉት ነው፤
መደርደሪያ የለው፣ ሣጥን የለው፣ ስም ብቻ ነው ያለው።
«የአዲስ ቤት ጥቅል»፣ ብዬ ስነካው ኮዱን፣
ይዘረግፍልኛል የውስጥ ገመናውን፦
ድስት አንድ፣ ባልዲ አንድ፣ ብርድ ልብስ ሁለት፣
ሳህን አራት፣ ማንኪያ አራት።
ስዘጋው ደግሞ፣ እንደ ነበር ቋጠሮ፣
አንድ ስም ይሆናል፣ ሁሉም ገብቶ አብሮ።

ስንት ጥቅል አለን? ሒሳቡ አጭር ነው፤
ብዙው አይደለም፣ ትንሹ ነው የሚገዛው።
ዘጠኝ መቶ ድስት፣ ሺህ ባልዲ ቢደረደር፣
ማንኪያ ካለቀ ሁሉም ዜሮ ሆኖ ያድር።
(«ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶች፣
አንዷ ሎሚ ስትጠፋ ምን እንደሚሆኑ አልነገሩንም
አርባ ዘጠኙ ሰዎች።)

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የዲሞና ሠርግ ቤት
መቶ ማንኪያ በነጠላ ገዝቶ ሄደ በጠዋት፤
ሃያ አምስት ቤት ፈረሰ፣ ማንም ሳይጮህበት።

ዛሬ ትእዛዝ ገባ፣ ከመርከዝ ክሊጣ፣
ለአንድ ቤተሰብ፣ ትናንት ማታ ለመጣ።
ስም፦ አዝመራው ይርጋ። የቤተሰብ ቁጥር፦ አምስት።
ጥቅል፦ ባለ አራት።
ባለ አምስት የለንም። ፕሮግራሙ አያውቅም አምስት።

እጄ ቆመ።
እኔም አምስተኛ ነበርኩ፣ ያኔ፣ ሰባት ዓመቴ፣
ቤርሸባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቀለም የሚሸት ቤቴ።
አራት ማንኪያ ሰጡን። ምግቡ ሾርባ፣ በእጅ የማይበላ።
አባቴ «ጠግቤአለሁ» እያለ፣ መስኮቱን እያየ፣
ማንኪያዬን አጥቤ እስካቀብለው ቆየ።

ረድፉን ከፈትኩት። አራትን ደልዤ አምስት ብዬ ጻፍኩ።
አጠገቡ ያለው መቶ ሰማንያ ሆነ።
አንድ ጣት ነው የነካሁት፤ ሃያ ቤት ባከነ።
ሊራዝ ከመስታወቱ ኋላ፦ «ሃያው ጥቅል የት ገባ?
ጥሩዓለም፣ አንቺ ነሽ?»
«አምስት ናቸው» አልኳት።
«ውል ነው፣ ጨረታ ነው፣ አዲስ ኮድ ስድስት ሳምንት ነው!»
ክፉ አይደለችም ሊራዝ። ሃያው ቤትም ቤት ነው።
አራት ብዬ መለስኩት። ቁጥሩ መቶ ሞላ፤
አንጀቴ ግን አልራሰም፣ ከዚያም በኋላ።

በምሳ ሰዓት ወጥቼ
ከናይፍ ሱቅ አንድ ማንኪያ በሦስት ሼቅል ገዛሁ።
ባርኮድ የለው፣ ረድፍ የለው፤
ከብርድ ልብሱ እጥፋት ውስጥ ሸጎጥኩት፣ ሣጥኑን አሸግኩት።

ሚዛኑ ጮኸ።
ግሪሻ ከደረት ኪሱ መነጽሩን አወጣ፦
«ሠላሳ ግራም በዛ። ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»
ሣጥኑን አየ። እኔን አየ። አልከፈተም።
ከታሽከንት ነው፤ ስንት ሆነው እንደገቡ
ጠይቄው አላውቅም።
«ምክንያቱን አንቺ ሙዪ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

የልዩነት ምክንያት። «ምረጥ» ይለኛል ስክሪኑ፣
ለእሱ ሁሉም ሰው ወንድ ነው።
የተሰበረ።
የጠፋ።
የተመለሰ።
የቆጠራ ስህተት።
ከሁሉም ታች አንዲት ቃል፣ ማንም የማይነካት፦
ሌላ።
እሷን ነካሁ።
ባዶ ሣጥን ተከፈተ፦ «ያብራሩ፤ ቢያንስ ሦስት ፊደል።»
ብዙ አሰብኩ። ግሪሻ አሳለ። ከኋላ ሣጥን ተሰለፈ።
ሦስት ነጥብ መታሁ።
አረንጓዴ በራ፣ አለፈ።

ጥቅል፦ ዘጠና ዘጠኝ።
ማንኪያ፦ ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት።
የናይፍ ማንኪያ የትም አልተቆጠረ።